ባለ ፊቷ

የጤና ቢሮዋ ሴትዮ ወደ ፀጉር ቤቴ ስትገባ ደንበኛ መስላኝ ወንበሩን በፎጣ መታ መታ አድርጌ ጠረግሁላት። በዚያ ሰሞን ደንበኛ ብርቅ ነበር። ትኩሳቱ ይዞኝ ከሞት አፍ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች በበሬ ሲያልፉ ማዶውን ጥግ ይዘው ነው። የእኔ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ጭንቅላቱን የሚያስገባ ደፋር አልተገኘም። በእነሱ ቤት በሽታው ፀጉር መጠቅለያው ቢጉዲን ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃቸዋል።

ሴትዮዋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። "ፀጉር ልሠራ አይደለም የመጣሁት" አለችኝ።

"እሱማ ገብቶኛል" አልኳት። አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እኛን የፈጀን ትኩሳት ዘንድሮ ጎረቤት አገር ገብቶ ነበር። ሬዲዮው ጠዋት ማታ እሱን ያወራል፤ የትኛው አገር በሩን እንደዘጋ፣ የትኛው አውሮፕላኑን እንዳቆመ። እዚያ ባለ አንድ ማከሚያ ጣቢያ ውስጥ እናቶቻቸው የተኙባቸው ሕፃናት ነበሩ። ሕፃናቱ አልታመሙም፤ ይታመሙ ይሆናል ተብሎ ግን ለብቻቸው ይጠበቃሉ፤ ያለ ቢጫ ልብስ፣ ያለ ጭምብልና መነጽርም ማንም አይነካቸውም። አንዴ ታሞ የዳነ ሰው ግን ደሙ ትኩሳቱን ያውቀዋል፣ ተመልሶም አይዘውም አሉ ሐኪሞቹ። ስለዚህ የዳኑ ሴቶች ይፈለጋሉ፤ ሥራው ማቀፍ ነው።

"ዓለም አቀፍ ኃላፊነት አለብን" አለች ሴትዮዋ፣ የስብሰባ ንግግር እንደሸመደደ ሰው።

"እኔ ያለብኝ ኃላፊነት የሰው ፀጉር በፎን እንዳይቃጠል ማየት ነው። እሱም የሚቃጠል ፀጉር ጠፍቶ ሥራ ፈትቻለሁ።"

ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንዱ ሕፃን ጡጦ እምቢ ብሏል፤ ከቢጫ ለባሾቹ እጅ አልቀበልም አለ። ሁሉንም ነገር ሞክረዋል። እንዲህ ከቀጠለ ትኩሳቱ ሳይነካው በረሃብ ሊሞት ነው።"

ይህን ባትነግረኝ ኖሮ በቀልድ አባርሬያት ነበር። እኔ ቀልድ አላጣም። ግን አንጀቴን በላችው። ደግሞ ያቺ ነርስ ትዝ አለችኝ።

እኔ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ከዚያው ከጎረቤት አገር የመጣች አንዲት ነርስ ነበረች። ፊቷን አላውቀውም። የማውቀው ዓይኖቿን ነው፤ እነሱም ከመነጽሩ ጀርባ ሁልጊዜ ጭጋግ ውስጥ ነበሩ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ፀጉሬ ይረግፍ ጀመር፤ በጥቂቱ ሳይሆን እፍኝ እፍኝ እያለ። ጠዋት ጠዋት ነርሷ ከሁሉ በፊት ወደ አልጋዬ መጥታ፣ በእነዚያ ወፍራም ድርብ ጓንቶቿ ትራሴ ላይ የወደቀውን ፀጉር አንድ ባንድ ትለቅም ነበር። የተኛሁ መስሏት ነው። ፀጉር ሠሪ መሆኔን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ግን ፀጉሬን እንዳላየው ብላ ትለቅመው ነበር። ስድን እሷ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውራ ስለነበር አላመሰገንኳትም። ብትመጣና እዚህ ወንበር ላይ ብትቀመጥም አላውቃትም።

ምሳ ላይ ለቤተሰቡ ነገርኳቸው። ባለቤቴ አናጢ ነው፤ እርሳሱን ከጆሮው ሥር አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ነገር ሲከብደው እንደዚያ ነው። አማቴ ግን ለማሰብ ጊዜ አትወስድም።

"ምን ቆርጦሽ!" አለች። "እግዜር አንዴ ቢምርሽ ደግመሽ ልትፈትኚው ነው?"

"እማማ፣ ተመልሶ አይዝሽም ብለውኛል።"

"ማን ነው ያለሽ? ሐኪም? ሐኪም 'ይዞሻል' ሲል እንጂ 'አይዝሽም' ሲል የት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ደግሞስ እዚያ ማዶ የራሳቸው ሰው የላቸውም?"

"ያን ጊዜ እኛስ የራሳችን ሰው አልነበረንም ወይ? መጡ እኮ።"

"መጡ፣ መጡ! አንቺ ነሽ የጠራሻቸው?"

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። "ሕፃኑ ግን ጡጦውን ለምንድነው እምቢ ያለው?" አለኝ።

"እኔ እንጃ። ፊት ስላላየ ይመስለኛል። ሁሉም ተሸፍነው ነው የሚያነሱት።"

አማቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ቆም አለች። "ስንት ወሩ ነው?"

"ሁለት ወር ሊሆነው ነው አሉ።"

"ልጅ መሳቅ የሚጀምርበት ጊዜ እኮ ነው" አለች፣ ለራሷ የምታወራ ያህል። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ እኔ ላይ ጮኸችብኝ። "ታዲያ ምን ትጎለቻለሽ? ልጁ በረሃብ ይሙት እንዴ? ተነሺ ልብስሽን አዘጋጂ እንጂ!"

ይህቺ አማቴ ናት። ተከራክረሽ አትረቺያትም፤ ራሷ ናት ራሷን የምትረታው።

እኔና ሾፌሩ በጤና ቢሮው መኪና ድንበሩ ላይ ስንደርስ ከማዶ ወደ እኛ ለመግባት የሚለምነው ሰው ሰልፍ ዓይን አይጨርሰውም፤ ከእኛ ወደ ማዶ የሚሄድ ግን የእኛ መኪና ብቻ ነበረች። ጠባቂው ወረቀታችንን በረጅም እንጨት ጫፍ ነው የተቀበለን። አልፈረድኩበትም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። የኬላውን መዝጊያ ብረት ሲያነሳልን ግን ኮፍያውን ከራሱ አወረደ። ለሬሳ ነው ወይስ ለእኛ ብዬ ሳስብ አለፍነው።

ማከሚያ ጣቢያው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የተተከለ የድንኳን ከተማ ነበር። የዕቃ መጋዘኑን በር ከፍቼ ስገባ አፌ ተከፍቶ ቀረ። እስከ ጣራው ድረስ ካርቶን ነው፤ በየካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ አንዱ ከቀኝ ይጀምራል፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቦት ጫማው ከአንዱ አገር፣ ክሎሪኑ ከሌላው፣ ጄኔሬተሩ ሰምቼው ከማላውቀው አገር ነው የመጣው። ስሜን እንኳ ጠርቶ የማያውቅ ሰው እዚያ ዳር ሆኖ ይህን ጓንት አጥፎ ካርቶን ውስጥ አስገብቷል። እኔን ያዳነኝም ያን ጊዜ እንዲህ ያለ መጋዘን ኖሮ ነው፤ ታምሜ ስለነበር ግን አላየሁትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ሲሉ እሰማ ነበር። ጌጡን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቆሜ እንደ ሕፃን አየሁት።

የሕፃናቱ ክፍል ኃላፊ የአገሩ ተወላጅ ናት፤ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላት። ቋንቋችን አንድ ነው፤ ድንበሩን ያሰመሩት ሰዎች ቋንቋ አልጠየቁም። ወደ ክፍሉ ስትወስደኝ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሮጦ ደረሰብኝ።

"እመቤት! እመቤት! ልብስ!"

"ለብሻለሁ አይደል እንዴ?" አልኩት። ስስ ጋውንና ጓንት አድርጌ ነበር፤ ለዳነ ሰው የታዘዘው ያን ያህል ነው።

"ፊትሽ! ፊትሽን ረስተሻል!"

ሲስተር ከት ብላ ሳቀች። "ተዋት። እሷ ባለ ፊት ናት" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጣቢያ ስሜ ባለ ፊቷ ሆኖ ቀረ።

ክፍሉ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ክፍል ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ መምህር ጀምሮ ያልጨረሰው የመደመር ሒሳብ አለ፤ ማንም አላጠፋውም። ከሰሌዳው ሥር አልጋዎቹ ተደርድረዋል። ከቢጫ ለባሾቹ አንዱ ሕፃናቱን ለማስደሰት ብሎ ጭምብሉ ላይ በማርከር የሚስቅ አፍ ሥሎ ነበር። አፉ ጆሮው ድረስ ይደርሳል። እንኳን ሕፃን እኔም ደንግጬ "በስመ አብ!" አልኩ።

"እሱን ካየ ወዲህ ነው የባሰበት" አለች ሲስተር፣ ጥጉ ላይ ወዳለው አልጋ እያመለከተች።

ልጁ ትንሽ ነው። ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ የሁላችንንም ሥራ ገምግሞ ያልወደደው ይመስላል። ሠራተኞቹ "አለቃ" ብለው ሰይመውታል። የእጁ ቆዳ ልል ብሏል፤ ለቅሶውም ድምፅ አልነበረውም፤ አፉ ብቻ ይከፈታል። አነሳሁት። ከሽንት ጨርቁ ሌላ ክብደት ያለው አልመሰለኝም።

ፊቴን ወደ ፊቱ አስጠጋሁና "እህ አለቃ፣ ምን አጠፋን?" አልኩት።

ለቅሶውን አቆመ። ዓይኑ መጀመሪያ ግንባሬ ላይ ሄደ፤ ፀጉሬ የሚጀምርበትን መሥመር ተከተለ። ከዚያ ወደ ዓይኔ ወረደ፣ ከዚያ ወደ አፌ። አፌን ሳንቀሳቅስ የእሱም አፍ ተንቀሳቀሰ። ብዙ ሰው መስታወት ፊት አስቀምጬ አውቃለሁ፤ ሙሽራም፣ ባሏን የፈታችም፣ ሽበቷን የምትደብቅም። እንዲህ አድርጎ ፊት የሚያይ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ሰው የሚባለው ነገር አለ ብለው ነግረውት፣ ሳያምን ቆይቶ፣ ያን ሰዓት ያገኘው ያህል ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፤ ፊቴ የማይበቃው መሰለኝ።

ጡጦውን አፉ ላይ አደረግሁለት። ዓይኑን ከፊቴ ሳያነሳ ጠባ።

 ዞር ስል ያ ጭምብሉ ላይ አፍ የሣለው ወጣት ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ በቦት ጫማዎቹ መካከል አቀርቅሯል። ሲስተር መነጽሯን ልትጠርግ እጇን አንስታ፣ እንደማይቻል ትዝ ሲላት መልሳ አወረደችው።

የአለቃ እናት ከሜዳው ማዶ፣ ከድርብ አጥር ጀርባ ባለው የሕሙማን ድንኳን ተኝታ ነበር። ባሏን ትኩሳቱ ቀድሞ ወስዶታል። ከልጁ ሌላ ሰው እንደሌላት ሁሉም ያውቅ ነበር። መነሳት ስትችል ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ያወጧታል፤ እኔም አለቃን አቅፌ ከወዲህኛው አጥር እቆማለሁ። መካከላችን መንገድ የሚያህል ባዶ ቦታ አለ።

"ይጠባል?" ትላለች በሰለለ ድምፅ።

"እንደ ጅብ!" እላታለሁ።

ትስቃለች። ሳቋ ከሳል ጋር ይመጣል። እኔም ልጁን ወደ እሷ አዙሬ ከፍ አደርገዋለሁ። ግን የሁለት ወር ልጅ ያን ያህል ርቀት ምን ያያል? ዓይኑ ተመልሶ አገጬ ላይ ይመጣል። አንድ ቀን እዚያው አጥሩ ሥር ሳቀ። የመጀመሪያ ሳቁ ነው፤ ድዱ ሁሉ ታየ። የሳቀው ግን ለእኔ ነው። እሷ ከማዶ "ምን ሆነ? አለቀሰ?" ስትለኝ "አዛጋ" አልኳት። 

በጣቢያው ካሉት የሩቅ አገር ሰዎች አንዱ ሐኪም ቁመቱ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ይፎካከራል፤ ረጅሙ ነው የምንለው። አንድ ቀን እጅ መታጠቢያው ጋ አገኘሁትና በሲስተር አስተርጓሚነት ጠየቅሁት። "አገርህ ይህ በሽታ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን አመጣህ?"

እጁን በክሎሪን ውኃ እያሸ አሰበ። "እዚህ ካልቆመ እኛም ጋ ይደርሳል ብዬ ብነግርሽ ግማሹ እውነት ነው" አለ። "ግማሹን እኔም አላውቀውም። ስም ሲጽፉ እጄን አወጣሁ፤ እጄ ከወጣ በኋላ ነው የገረመኝ።" ከዚያ ደግሞ "አንቺስ?" አለኝ።

"እኔ በአማቴ ተባርሬ ነው የመጣሁት" አልኩት። ሲስተር ስትተረጉምለት እንዴት እንዳለችው እንጃ፤ በአክብሮት ጎንበስ አለልኝ።

አለቃ የመጠበቂያ ጊዜውን በሰላም ጨረሰ፤ ደሙ ንጹሕ ነው ተባለ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ እናቱም ዳነች። ከአጥሩ ወጥታ በሁለት ሰው ተደግፋ ወደ ክፍላችን ስትመጣ ቢጫ ለባሾቹ በጓንታቸው አጨበጨቡ። የክፍሉ ሌሎች ሕፃናት ገና ስለሚጠበቁ እነሱ እንደተሸፈኑ ናቸው። እሷ ግን እንደ እኔ ናት፤ ከእንግዲህ እሷም ባለ ፊት ናት። ፀጉሯ ረግፎ አልቋል። ጉንጮቿ ገብተዋል። ሻሿን ግንባሯ ድረስ ስባዋለች።

አለቃን ሰጠኋት። አያት፤ ግንባሩን ቋጠረ፤ ከዚያ ያን የሞተ ድምፁን የት እንዳገኘው እንጃ፣ ጣራው እስኪነቃነቅ ጮኸ። ዞሮ እኔን ፈለገ፤ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። በማግስቱም እንዲሁ። እኔ ስወጣ ደግሞ ጡጦ እምቢ ይላል፤ እሷም እጇ እየተንቀጠቀጠ ብቻዋን ልትይዘው አትችልም። በሦስተኛው ቀን ልጁን መልሳ እቅፌ ላይ አስቀመጠችው።

"ተይው እህቴ" አለችኝ። ዓይኗን አላነሳችም። "እናቱ አንቺ ነሽ። ይዘሽው ሂጂ። እኔን ፈርቶ ከሚኖር አንቺ ጋ ስቆ ቢኖር ይሻለዋል።"

"ኧረ እባክሽ! ምን ዓይነት ንግግር ነው?" አልኳት፤ ተቆጣሁ። ቁጣዬ ግን በእሷ አልነበረም። "ይዘሽው ሂጂ" ስትለኝ እኔም ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር "እሺ በያት" ብላኝ ነበር። ያቺን ነገር ነው የተቆጣኋት።

እናቱ ግድግዳውን እየያዘች ወጣች። እኔ ከአለቃ ጋር ቀረሁ። እሱ ጉንጬን በጓንት በሌለ ትንሽ እጁ ይዳብሳል፤ እኔ ሰሌዳው ላይ ያለውን ያልተጨረሰ ሒሳብ አያለሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ ለዚህ ልጅ አንድ ፊት ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ነው የበዛው።

አለቃን ለሲስተር አስይዤ ወደ ልብስ መቀየሪያው ድንኳን ሄድኩ። "አልብሱኝ" አልኳቸው።

"አንቺን?" አለኝ አልባሹ። "አንቺ አያስፈልግሽም እኮ።"

"ለበሽታው አይደለም። ፊቴን ልሸፍን ነው።"

መጀመሪያ ቢጫውን ልብስ፣ ከዚያ ቦቱን፣ ድርብ ጓንቱን፣ ጭምብሉን፣ ኮፍያውን፣ መጨረሻ መነጽሩን አደረጉልኝ። በመጀመሪያው እርምጃ ላብ ከአንገቴ እስከ ተረከዜ ወረደ። የራሴ ትንፋሽ ተመልሶ ፊቴን አቃጠለኝ፤ መነጽሩ ወዲያው ጉም ሆነ፤ ጆሮዬ ውስጥ የሚሰማው የልቤ ምት ብቻ ነው። ጣቶቼ የእኔ አይመስሉም፤ የበሩን እጀታ ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ቆምኩ። ያቺ ሴት በዚህ ልብስ ውስጥ ሆና ነው ከትራሴ ላይ ፀጉር የለቀመችው። በእነዚህ በማይታዘዙ ጣቶች፣ አንድ ባንድ። አገሯ አልነበረም፣ እህቷ አልነበርኩም፣ ስሟንም አልጠየቅኋት። እዚያው በሩን ተደግፌ ቀረሁ፤ ዘበኛው ቀርቦ "ውኃ ልስጥሽ?" አለኝ። በጭምብሉ ውስጥ ምን ውኃ ይጠጣል?

ሲስተር እናቱን አሳምና መልሳ አመጣቻት። አልጋው ላይ አስቀመጥናት፤ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ በአንድ እጄ የሚንቀጠቀጥ ክንዷን ከሥር ደገፍኩ። ድምፄን ስለሚያውቀው መናገር አልችልም። ለእኔ ከልብሱ ይልቅ የከበደኝ ዝምታው ነው። አለቃን እቅፏ ላይ አደረጉት።

ጮኸ። ዓይኑ እኔን ለመፈለግ ዞረ። ሲስተርን አየ፤ ቢጫ። ያንን አፍ የሣለውን ወጣት አየ፤ ቢጫ። እኔን አየኝ።  አልፎኝ ሄደ። ዞሮ ዞሮ በክፍሉ ውስጥ የቀረው አንድ ፊት ላይ ደረሰና ቆመ።

እናቱ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ራሷ ተራቁቷል፤ እሷ ግን አላወቀችም። ፊቷን አስጠጋችለት። እሱ ከግንባሯ ጀመረ። ፀጉር የሚጀምርበትን መሥመር ፈለገ፤ አጣው፤ ግንባሩን ቋጠረ፤ ከዚያ ወደ ዓይኗ ወረደ፣ ከዚያ ወደ አፏ። "አለቃዬ" አለችው። አፉን እንደ አፏ አንቀሳቀሰው። በጓንቴ በኩል ክንዷ መንቀጥቀጡን ሲተው ተሰማኝ።

ጡጦውን እስከ መጨረሻው ጠባ። ሲጨርስ ድዱን ሁሉ አሳይቶ ሳቀላት፤ እሷ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ አለቃ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ፤ እንደ ማንኛውም ቢጫ ልብስ ትንሽ አየኝና ወደ እናቱ ዞረ። መነጽሬ በእንባ ሞላ። በዚያ ልብስ ውስጥ ደግሞ እንባ አይጠረግም፤ ዝም ብዬ ክንዷን እንደደገፍኩ ተቀመጥኩ።